አውቶቡስ የሌለው አረንጓዴ

አድማሴ ሞቶ የተገኘው ራሱ በተከለው የትራፊክ መብራት ስር ነው።

ረቡዕ ማለዳ ነበር። የነሐሴ ጉም መካነ ሰላምን ሸፍኗታል። ወደ ደሴ የሚሄደው ሦስት ቁጥር አውቶቡስ አረንጓዴ በርቶለት ወደ ገበያው መስቀለኛ መንገድ ሲገባ ሾፌሩ ሙሐሲን ድንገት ፍሬን ያዘ። ስልሳ ተሳፋሪ ወደ ፊት ተደፋ። ሙሐሲን ወርዶ ሲያይ አንድ ሰው አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ቀኝ እጁ ከራሱ በላይ ተወርውሯል፤ ደሙ የአውቶቡሱን የፊት ጎማ ነክቷል። ሙሐሲን «ያ ረቢ!» ብሎ ጮኸና መንገዱ ዳር ቁጭ አለ። ፖሊስ ሲመጣም እዚያው ነበር።

«ሰው ገጭቶ እንዲህ ይቀመጣል?» አለ አንዱ ፖሊስ።

«ሰው ያልገጨስ የት ሄዶ ይቀመጥ?» አለች ከኋላው ኢንስፔክተር ኡሙልኸይር።

ኡሙልኸይር በዚህች ከተማ ሃያ ዓመት የሠራች መርማሪ ናት። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሰው ታስለፈልፋለች። አለቆቿ ብልህነቷን ይወዱላታል፤ ግትርነቷን ግን እንደ ጥርስ ሕመም ችለው ነው የኖሩት። ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ኪሱን ፈተሸች። የተሰበረ ስልክ፣ መሐረብና አንድ ቁልፍ አገኘችና ፖስታ ውስጥ አሽጋ ያዘች። ከዚያ ቀና ብላ መብራቱን አየች። ቀይ ሆኗል።

ስለዚህ መብራት ትንሽ መናገር ያስፈልጋል። በከተማዋ ያለው እሱ ብቻ ነው። የተከሉት አድማሴና የሥራ ባልደረባው ሀይማኖት ናቸው፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊ ደግሞ አቶ በእውቀቱ ነው። እያንዳንዱ የሕዝብ አውቶቡስ የራሱ ቁጥር ያለው፣ መዳፍ የምታክል ሳጥን ተገጥሞለታል። ሰዉ «ጠሪ» ይላታል። አውቶቡሱ ወደ መስቀለኛው ሲቃረብ ጠሪዋ አረንጓዴ ትጠራለታለች፤ ሌላው መኪና ይቆማል። ከዚያ በፊት በገበያ ቀን አውቶቡስ ከጭነት መኪና ኋላ ተጣብቆ ግማሽ ሰዓት ይቆም ነበር። ምጥ የያዛትም፣ ቀጠሮ ያለውም አብሮ ይቆማል። የሚያጉረመርም ሰው ሲገጥመው አድማሴ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚጠይቀው፤ «ስልሳ ሰው የጫነ መኪና፣ አንድ ሰው የጫነ መኪና እስኪያልፍ ለምን ይቆማል?» በቂ መልስ የሰጠው ሰው አልተገኘም።

ሁለት ሰዓት ላይ አቶ በእውቀቱ ፖሊስ ጣቢያ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል። የተወለወለ ጫማ በመውደድ የሚታወቀው ሰውዬ ዛሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው።

«በእግርዎ ነው የመጡት?» አለች ኡሙልኸይር።

«ፒካፑ ጎማው ተንፍሶ ቤት ቆሟል። አሁን ስለ ጎማ ነው የምናወራው?» አንድ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «መብራቱ ማን እንደጠራው እየመዘገበ ያስቀምጣል። ከ12 ሰዓት እስከ 12፡15 ያለው ይኸውና። 12፡10 ላይ አንድ ጥሪ አለ። ሦስት ቁጥር፤ የሙሐሲን አውቶቡስ።»

የመናኸሪያው መውጫ ወረቀትም አውቶቡሱ ልክ 12 ሰዓት ላይ መውጣቱን ይናገራል። ከመናኸሪያ እስከ መስቀለኛው ቀስ ብሎ ለሚነዳ ሰው፣ ለዚያውም በጉም፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ጎማው ላይ ደም አለ። ምን ቀረ?

«እኔ ለዚህ መብራት ስንት ስብሰባ ተከራክሬያለሁ» አለ በእውቀቱ። «ግን ልጃችንን በላ። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ምክር ቤቱ ይሰበሰባል፤ ቅድሚያው ለዘለቄታው ይጥፋ ብዬ የማቀርበው እኔው ነኝ። መዝገቡም ተደምስሶ ዕቃው ይነቀል።»

አለቃዋም ሰነዶቹን አይተው «ግልጽ ነገር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሙሐሲንን ለፍርድ ቤት አቅርቢው» አሏት።

«ግልጽ ከሆነ፣ እስከ ስምንት ሰዓት ብጠይቅበትም ግልጽ ሆኖ ይቆያል» አለችና ወጣች።

ሙሐሲን በእስር ክፍሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ተኝቶ ነው ያገኘሁት።»

«ከመናኸሪያ ስንት ሰዓት ላይ ወጣህ?»

«ሰዓት አላየሁም። ዱዓ ተደርጎ ሲያልቅ ወጣሁ። ጎማውን ሲነካው እንኳ የቆምኩ ያህል ነበር። አራት ልጅ አለኝ፤ በሐሰት አልምልም።»

ከጣቢያው በር ውጪ ስልሳው ተሳፋሪ ጭቃው ላይ ቆሟል። ሌላ አውቶቡስ ተልኮላቸው ነበር፤ አንድም ሰው አልገባበትም። ሩቂያ የምትባል ልጅ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። ነገ ማታ ከአዲስ አበባ ወደ ሪያድ ትበራለች፤ ዛሬ ካልወጣች አይሮፕላኑ ያመልጣታል።

«አንቺ እንኳ ሂጂ እንጂ» አለቻት ኡሙልኸይር።

«ሙሐሲን ካልነዳ አልሄድም። እኛ ያየነውን ተናገርን፤ ሾፌራችሁን ለማዳን ነው የምትዋሹት አሉን። ውሸታም ተብዬ ካገሬ አልወጣም።» አገጯን ቀና አድርጋ ነው የተናገረችው። ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶታል።

ኡሙልኸይር ሻንጣውን አየችው። የሰው አገር ሊሄድ ነው፤ በአንድ ቀጭን ገመድ ታስሯል። ከዚያ ተናደደች፤ ንዴት ደግሞ ሥራ ላይ ይጠቅማታል።

ሀይማኖትን ያገኘቻት መስቀለኛው ጋ ነው። የመብራቱ መቆጣጠሪያ ያለበትን የብረት ሳጥን ተደግፋ ታለቅሳለች፤ የሳጥኑ ቁልፍ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

«መጨረሻ ያወራው ከእኔ ጋር ነው» አለች። «12፡09 ላይ ደወለልኝ። ከጎህ ጀምሮ እዚህ እንደቆመ ነገረኝ። ከዚያ ‹መብራቱ ተቀየረ!› አለ። ከዚያ ደግሞ ‹ቁም! ቁም!› ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። አንድ ነገር ጓ አለ። ስልኩ ጠፋ።»

«‹ቁም› አለ? እርግጠኛ ነሽ?»

«እስክሞት ጆሮዬ ላይ ነው።»

ኡሙልኸይር ቃሉን ጻፈችው። «በጎህ እዚህ ምን ያደርጋል?»

«ትርፍ ጠሪዎች አሉን፤ ስድስት ናቸው፣ ግምጃ ቤት የተቆለፈባቸው። ትናንት አብረን ስንቆጥር አምስት ሆኑብን። ለአቶ በእውቀቱ ማታውኑ ነገረው፤ ዛሬ ለምክር ቤቱም ሊናገር ነበር። ‹ማን እንደወሰዳት ትጠረጥራለህ?› ስለው ‹በዓይኔ ሳላይ የሰው ስም አላነሳም› አለኝ። አድማሴ እንደዚያ ነው።»

«የግምጃ ቤቱ ቁልፍ?»

«ሁለት ነው። አንዱ አድማሴ ጋ፣ አንዱ አቶ በእውቀቱ መሳቢያ ውስጥ። ለጠሪዎቹ ቁጥር መስጠት የምንችለው ደግሞ እኛ ሦስታችን ብቻ ነን።»

ሁለቱ ሴቶች ወደ ቢሮው ሄዱ። በእውቀቱ መሳቢያውን ስቦ ቁልፉን ያለምንም ማንገራገር ሰጣቸው፤ እንዲያውም እሱው ቀድሞ ገባ። መደርደሪያው ላይ ስድስት ጠሪ ተደርድሯል።

«ይኸው ስድስት!» አለ። «አንድም አልጎደለም።»

ሀይማኖት ደንግጣ ደግማ ቆጠረች። «ትናንት አምስት ነበሩ!»

«ተሳስታችሁ ይሆናል፣ የኔ እህት። አንቺም ዛሬ ልብሽ ተሰብሯል፤ አብሽሪ።»

ኡሙልኸይር ስድስቱንም በካርቶን አድርጋ ይዛ ወጣች። አምስቱ ከነፋብሪካ ላስቲካቸው ናቸው። ስድስተኛዋ ላስቲክ የላትም።

ቀጥሎ አለምነው ነበር። አለምነው የአሸዋ መኪኖች ባለቤት፣ ስልሳ ዓመት ያለፈው ቁጡ ሰው ነው። ባለፈው ስብሰባ ላይ ተነስቶ «ይህን መብራት በገዛ መኪናዬ ጎትቼ እነቅለዋለሁ!» ብሎ መዛቱን ከተማው በሙሉ ያውቃል።

«ልታስሪኝ ነው የመጣሽው?» አለ ከደጁ። «ያባትሽን ወዳጅ!»

«አባቴም እርስዎን ለማስታረቅ ስንቴ ጣቢያ ተመላልሷል፣ ጋሼ። አድማሴን ይጠሉት ነበር?»

«መብራቱን ነው። እሱንማ...» ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ። «ባለፈው ሳምንት እዚህ መጣ። እኔ ሁለት ወር ስጮህ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። አውቶቡስ ሳይኖር አረንጓዴ ይበራል! እኔን ቀይ አስቁሞኝ ማንም አውቶቡስ አያልፍም! አበደ አሉኝ። እሱ ግን ቁጭ ብሎ ሰማኝ። ወንበር ስቦ።»

«መቼ መቼ ነው የሚበራው?»

«ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ማታ አሥራ አንድ ተኩል። ከሰኞ እስከ ዓርብ። ቅዳሜና እሑድ የለም። ባለፈው ሳምንት ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ጨርሶ አልበራም።»

«እንዴት እንዲህ ያስታውሳሉ?»

«የተናደደ ሰው ይረሳል እንዴ?»

ኡሙልኸይር በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውየውን ቁጣ ከልቧ አመሰገነች።

መናኸሪያ ስትደርስ ተራ አስከባሪው ሀምዱ የመውጫ ወረቀቶቹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ እየጻፈ ነው። ከትከሻው በላይ አጎንብሳ አየች። የነገን ቀን ነው የሚጽፈው።

«ሀምዱ፣ ነገ ገና አልመጣም እኮ።»

ሰውየው ብድግ አለ። «ኧረ በአላህ፣ ኢንስፔክተር! ጠዋት ግርግር ነው፤ መርሐ ግብሩ የታወቀ ነው፤ ማታውን ጽፌ ማደር ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«ስለዚህ የዛሬው 12 ሰዓት ትናንት የተጻፈ ነው።»

ሀምዱ መሬት መሬቱን አየ። «ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።»

«አውቶቡሱ በእውነት መቼ ወጣ?»

«ልጅቱ አረብ አገር ልትሄድ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሸህ አብዱራህማን ሳይመርቁ አውቶቡስ አይወጣም፤ የክርስቲያኑም ልጅ ሲሄድ እንዲሁ ነው። ዱዓው ረዘም አለ። ደቂቃውን ግን አላየሁም።»

ኡሙልኸይር ተመልሳ ሩቂያን አገኘቻት። «ዱዓው ሲደረግ ስልክ የያዘ ሰው ነበር?»

«እኔ ነበርኩ። እህቴ ሪያድ ናት፤ በቪዲዮ ደውዬላት አብራን ‹አሚን› ስትል ነበር።» ስልኩን አወጣች። ጥሪው ከ12፡03 እስከ 12፡17 ይላል። «መጀመሪያ ድምፅ አይሰማኝም ብላ አስቸገረችኝ። ሙሐሲን ሞተሩን አጠፋላት።»

«ሞተሩን አጠፋ» አለች ኡሙልኸይር በቀስታ። «እስከ መቼ?»

«እሷ ተሰናብታን እስክትዘጋው።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም መስቀለኛው ጋ ተሰበሰቡ። አለቃዋ፣ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ፣ በእውቀቱ፣ ሀይማኖት፣ አለምነው፣ ሀምዱ፣ ሸህ አብዱራህማን፣ ስልሳው ተሳፋሪ፣ ሙሐሲንም ከሁለት ፖሊስ ጋር። ጉሙ ተገፏል። ትራፊክ ፖሊሶች መኪናውን ሁሉ አስቁመዋል።

«አድማሴ የሞተው 12፡10 ላይ ነው» ብላ ጀመረች ኡሙልኸይር። «ሀይማኖት በስልክ ሰምታዋለች፤ መብራቱም ያን ሰዓት መጠራቱን መዝግቧል። እዚህ ላይ ከአቶ በእውቀቱ ጋር እስማማለሁ።»

በእውቀቱ ራሱን ነቀነቀ።

«ግን አድማሴ ‹ቁም› አለ። ይህ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው አውቶቡስ እዚህ መብራት ላይ እንዳይቆም ሲሟገት ነው። አውቶቡስ ሲመጣ መንገድ ይለቃል እንጂ እጁን አንስቶ ያስቆማል? ያስቆመው አውቶቡስ ያልሆነ ነገር ነው።»

«በጉም ውስጥ ምኑን ለየው?» አለ በእውቀቱ።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሀይማኖት፣ ጠሪ ያለ ሞተር ይሠራል?»

«አይሠራም። የመኪናው ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።»

«12፡10 ላይ የሦስት ቁጥር ሞተር ጠፍቶ ነበር። ስልሳ ሰው እጁን ዘርግቶ ዱዓ ላይ ነው። ምስክሬ ሪያድ ናት። ስልኩ እነሆ፤ ከ12፡03 እስከ 12፡17። መውጫ ወረቀቱ ደግሞ ማታውን የተጻፈ ነው፤ ሀምዱ አምኗል።» ወደ በእውቀቱ ዞረች። «ያመጡልኝ ወረቀት 12፡15 ላይ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ያለውን ከዚህ ሳጥን ራሴ አስወጣሁት። 12፡27 ላይ ሦስት ቁጥር እንደገና ጠርቷል። አንድ አውቶቡስ አንዴ ነው የሚያልፈው። ሁለተኛው ሙሐሲን ነው። የመጀመሪያውስ?»

ኡሙልኸይር ለሀይማኖት ምልክት ሰጠቻት። ሀይማኖት ከካርቶኑ ጠሪዎቹን እያወጣች አንድ በአንድ ከሞተር ሳይክል ባትሪ ጋር አገናኘች። የመጀመሪያዋ፣ ምንም። ሁለተኛዋ፣ ምንም። አምስተኛዋም ምንም፤ ቁጥር አልተሰጣቸውም። ላስቲክ የሌላትን ስድስተኛዋን ስታገናኝ ቀዩ ጠፍቶ አረንጓዴ በራ፤ መዝገቡም «ሦስት ቁጥር» ብሎ ጻፈ። መንገዱ ላይ አንድም አውቶቡስ የለም።

«ይኸው!» ብሎ ጮኸ አለምነው። «ሁለት ወር ሙሉ! ማነው ያበደው?»

«ትናንት ይህች ዕቃ መደርደሪያው ላይ አልነበረችም» አለች ኡሙልኸይር። «ዛሬ ጠዋት ተመልሳ ተቀምጣለች። የአድማሴ ቁልፍ ከኪሱ ወጥቶ እኔ ጋ በታሸገ ፖስታ ውስጥ ነው። የቀረው አንድ ቁልፍ ነው።»

«መሳቢያዬ ክፍት ነው!» አለ በእውቀቱ። «ሀይማኖትም ልትወስደው ትችላለች!»

«ትችላለች። ሀይማኖት ግን መኪና የላትም፤ መንዳትም አትችልም። መኪና ያለው ጋሼ አለምነው ደግሞ ለጠሪ ቁጥር መስጠት አያውቅም። ባዶው አረንጓዴ የሚበራው በቢሮ መግቢያና መውጫ ሰዓት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ጠፍቶ ነበር። እርስዎ ያን ሦስት ቀን ደሴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ከቤትዎ ወደ ቢሮ መንገዱ በዚህ ነው። ጎማዋ ተንፍሷል ያሉኝን ፒካፕ ባልደረቦቼ በፍርድ ቤት ፈቃድ አይተዋት መጡ። ጎማዋ ደህና ነው። የፊት መብራቷ ግን ተሰብሮ ሸራ ለብሳለች፤ ከመሪዋ ስር የተቆረጠ ሽቦ ተንጠልጥሏል።»

በእውቀቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ማታ አድማሴ ጠሪ እንደጎደለች ነገረዎት። በጎህ ተነስተው ሊመልሷት ሄዱ። ማንም ሳያይ መመለስ ይችሉ ነበር፤ ሽቦውን ነቅለው እንደማንኛውም ሰው ቀይ መብራት ላይ አንድ ደቂቃ ቢቆሙ ኖሮ። ያን አንድ ደቂቃ እንቢ አሉ። መብራቱ ተቀየረ፤ አድማሴ ዞሮ አየ፤ የመጣው አውቶቡስ አይደለም። እጁን አነሳ።»

«እጁን አነሳብኝ!» ብሎ ፈነዳ በእውቀቱ። ጭቃ የነካ ጫማውን አስፋልቱ ላይ መታ። «እኔ ላይ! እኔ ያስመጣሁት መብራት ስር ቆሞ ‹ቁም› አለኝ! የቀጠርኩት ልጅ!»

«መብራቱ ያንተ አልነበረም» አለች ኡሙልኸይር። ‹እርስዎ› ማለቷን መተዋን ሁሉም ሰማ። «የእነዚህ ስልሳ ሰዎች ነበር። ሙሐሲንን ፍቱት፤ እሱን ያዙት።»

በእውቀቱ ከተወሰደ በኋላ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መልካም፣ አጥፊው ተገኝቷል። ቢሆንም ጉዳዩ እስኪጠና ድረስ ቅድሚያውን ለጊዜው ብናጠፋው...»

ሀይማኖት የብረቱን ሳጥን በጀርባዋ ሸፍና ቆመች። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በጡጫዋ ጨብጣለች።

«አይጠፋም» አለች። «አድማሴ የሞተው ይህች አረንጓዴ እንዳትሰረቅ ነው። እሱ ሞቶ ሌባው ሊያስጠፋት የነበረውን እናንተ ታጠፉለታላችሁ? ቁልፉ እኔ ጋ ነው፤ አልሰጥም። ከፈለጋችሁ እሰሩኝ።»

ሩቂያ ሻንጣዋን አንስታ ከሀይማኖት አጠገብ አስቀመጠችና ላዩ ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹም እየመጡ ከጎኗ ቆሙ። ሰብሳቢው አለምነውን በተስፋ አዩት።

«እኔን አይዩኝ» አለ አለምነው። «እኔ ስጠላ የኖርኩት አውቶቡስ የሌለውን አረንጓዴ ነው። ለአውቶቡሱማ እቆማለሁ። ማን ይነካው እስቲ!»

ሰብሳቢው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ቁጥር ጉዞውን ጀመረ። ሩቂያ ከሾፌሩ ኋላ ተቀምጣለች፤ ከደሴ ሌሊቱን ከተጓዘች አይሮፕላኑ ላይ ትደርሳለች። ሙሐሲን መስቀለኛው ጋ ሲደርስ አውቶቡሱን አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። መብራቱ ወዲያው ቀይ ሆነ። ሸህ አብዱራህማን አድማሴ በወደቀበት ቦታ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም «አሚን» አለ። ኡሙልኸይር መንገድ ዳር ቆማ ዓይኗን ጠረገች። በአራቱም አቅጣጫ መኪና ተሰልፏል። ከፊት ያለው የአለምነው የአሸዋ መኪና ነው፤ ጡሩምባ አልነፋም።

ሸሁ ሲጨርሱ ሙሐሲን ቁልፉን አዞረ። አረንጓዴ በራ፤ ስልሳ ሰው ይዞ አለፈ።